ምዕራፍ አራት፦ የማእድ ቤት እድሳት በጀት ከግድግዳው ውስጥ ይጀምራል

ማእድ ቤቱን ለማደስ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገባው ካቢኔት ወደሚሠራበት ሱቅ ነው። ቀለም ይመርጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ቀብድ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ብር ለቧንቧው፣ ለኤሌክትሪኩ፣ ለሴራሚኩና ለሠራተኛው ማከፋፈል ይጀምራል። የተረፈው ስለማይበቃም አሮጌው ቧንቧ እንዳለ ይቀራል፤ ሽቦው አይነካም፤ በላያቸው ላይ የሚያምር ካቢኔት ይሰቀላል።

ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። በጀቱ የሚጀምረው ከማይታየው ነው፤ የሚታየው የሚገዛው ከዚያ በተረፈው ብር ነው። ያልተወደደ ካቢኔት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተፈትቶ ሌላ ሊተካ ይችላል። ከሴራሚክ ሥር የተቀበረ ቧንቧ ቢያፈስ ግን ካቢኔቱ ይፈታል፣ ግራናይቱ ይነሳል፣ ሴራሚኩ ይሰበራል፤ ባለቤቱ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ጭምር ይበላሻል።

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ማእድ ቤት እንያዝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በ20/80 የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2.4 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። አሳንሰር የለም። ውሃው በፈረቃ ይመጣል። ባለቤቶቹ ለእድሳቱ 500,000 ብር አላቸው እንበል። ይህ ቁጥር ለስሌት የተመረጠ ነው፤ የገበያውን ዋጋ እያንዳንዱ አንባቢ ራሱ ጠይቆ ይተካበታል። የስሌቱ መንገድ ግን ለቪላውም፣ ለአፓርትመንቱም ያው ነው።

ምጣዱ የት ይቀመጥ?

ብር ከመቁጠር በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ በዚህ ማእድ ቤት ውስጥ ምን ይበስላል? ማንስ ነው የሚያበስለው? በብዙ ቤት በጀቱን የሚያወጣውና ከባለሙያው ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማእድ ቤት የሚቆመው ሌላ ሰው ነው። እናት፣ ባለቤት፣ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። እሷ ያልተጠየቀችበት በጀት መልኩ ያማረ፣ ሥራው የከበደ ማእድ ቤት ይወልዳል።

የእንጀራ ምጣድን ነገር ብቻ እንመልከት። ከመጽሔትና ከስልክ የምንቀዳቸው የማእድ ቤት ንድፎች አብዛኞቹ የተሠሩት እንጀራ ለማይጋገርበት ቤት ነው። በእነዚህ ንድፎች መሥሪያ ጠረጴዛው ወደ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ከፍታው ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ሸክላው ራሱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያው ሲጨመር ከጠረጴዛው ይወጣል። ምጣዱ ከነቁመቱ ግራናይቱ ላይ ሲቀመጥ ሊጥ የምታሰፋው ሴት ክንዷን ወደ ላይ ማንሳት ግድ ይሆንባታል፤ አክንባሎውን ስታነሳም እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል። ስለዚህ ምጣዱ የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል፦ ወደ ውስጥ ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር የሚገባ፣ ከሌላው ጠረጴዛ ዝቅ ያለ፣ ለመስኮት የቀረበ። በላዩ ካቢኔት አይሰቀልም። የእንጀራ እንፋሎት በየሳምንቱ የሚያገኘው የኤም ዲ ኤፍ እንጨት ጠርዙ ያብጣል፤ ሽፋኑም ይላላጣል።

አንዳንድ ቤተሰብ ምጣዱን ከቤት አውጥቶ በሕንፃው የጋራ መጋገሪያ (ኮሚናል) ይጋግራል፤ አንዳንዱ እንጀራ ይገዛል። እንዲህ ከሆነ ቦታውም ሽቦውም ይቀራል፤ በጀቱ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ቁም ነገሩ ውሳኔው አስቀድሞ መታወቁ ነው፤ ካቢኔቱ ከተቆረጠ በኋላ ምጣዱን የትም ማስገባት አይቻልም። ቡና የሚፈላበት፣ የበዓል ድስት የሚጣድበት፣ የጤፍና የበርበሬ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታም በዚሁ ቀን ይወሰን።

ከግድግዳው በስተጀርባ

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር፤ በብዙ ማእድ ቤት ለአደጋ የሚያጋልጠው እሱ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 (ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ ጭነት ጫፉ ላይ ይደርሳል። እዚያው መስመር ላይ ማቀዝቀዣና የውሃ ማፍያ ከተጨመሩበት ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ መውረዱ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው በየጊዜው መውረዱ ያሰለቸው ሰው ሽቦውን ሳይቀይር ትልቅ ብሬከር ሲያስገባበት ነው። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ይግላል፤ ሶኬቱ ይጠቁራል፤ እሳትም ይነሳል።

ስለዚህ በበጀቱ ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ ለምጣዱ ብቻ የሚመጣ መስመር ነው፦ ቢያንስ ባለ 4 ሽቦ፣ ርቀቱ ረጅም ከሆነ ባለ 6፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው። ለምድጃው ሌላ መስመር፣ ለማቀዝቀዣውና ለትናንሽ ዕቃዎች ሌላ መስመር ይዘረጋል። ይህ ሁሉ ግድግዳ መፈልፈልና መልሶ መለሰን ስለሚጠይቅ ከሴራሚክና ከቀለም በፊት ማለቅ አለበት። ሶኬቶቹ የት እንደሚሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ምጣዱና ማቀዝቀዣው የሚቆሙበት ቦታ ሲታወቅ ነው። እዚህ ላይ ከቆጠቡ የቆጠቡት በቤተሰብዎ ደኅንነት ላይ ነው።

ውሃውም እንዲሁ ነው። የሲንኩ ቦታ ከተቀየረ የፍሳሽ ቱቦው አብሮ ይቀየራል። ፍሳሽ ደግሞ በራሱ ክብደት የሚወርድ ስለሆነ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ሲንኩ ከዋናው የፍሳሽ መውረጃ በራቀ ቁጥር ወለሉ ከፍ ማለት ወይም መሰበር ይኖርበታል። ገንዘብ ውስን ከሆነ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ሲንኩን ከነበረበት አያንቀሳቅሱት። ሌላውን ሁሉ ሲንኩን ተከትለው ያቀናጁ። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ የሕግ ጉዳይም ነው። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የአንድን ሰው ቤት ከጋራ ክፍሎች ለይቶ ያስቀምጣል። ቀጥ ብሎ የሚወርደው የጋራ ቱቦና ሕንፃውን የተሸከመው ኮለን የአንድ ሰው ንብረት አይደሉም፤ እነሱን ከመንካት በፊት የኮንዶሚኒየሙን ማኅበር ማነጋገር ይገባል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሮቶውና ፓምፑም የማእድ ቤቱ በጀት አካል ናቸው። ውሃ የማይወርድበት ውድ ሩቢኔት ማንን ይጠቅማል? ሮቶ የሚቀመጥበትን ቦታም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናልና በረንዳ ላይ እንዳመቸ የሚጫን አይደለም።

ወለሉ ከሴራሚክ በፊት የውሃ መከላከያ ቅብ ይቀባ፤ ከደረቀ በኋላም የፍሳሽ ቀዳዳው ተደፍኖ ውሃ ይሞላበትና እስከ ማግስቱ ይቆይ። የታችኛውን ቤት ሰዎች ኮርኒሳቸውን እንዲያዩ መለመን አያሳፍርም። ሠራተኛው «አንድ ቀን ያባክናል» ይል ይሆናል፤ ቀኑን ይክፈሉት።

ሜትር ይዞ መቁጠር

ዋጋ የሚጠየቀው በካሬ ስለሆነ ካሬውን ራስዎ ይወቁት። የምሳሌያችን ወለል 3 በ2.4፣ ማለትም 7.2 ካሬ ሜትር ነው። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ሲጨመር 7.92 ይሆናል። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን አራት ሆኖ ይመጣል፤ አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ ለወለሉ ስድስት ካርቶን ይበቃል።

ግድግዳው ላይ ነው ብር የሚፈሰው። የክፍሉ ዙሪያ 10.8 ሜትር ነው፤ በ2.6 ከፍታ ሲባዛና በርና መስኮቱ ሲቀነስ 25 ካሬ ገደማ ይሆናል። ሙሉውን ሴራሚክ ለማልበስ ሃያ ካርቶን ያስፈልጋል። ነገር ግን ውሃና ዘይት የሚረጨው የት ነው? በጠረጴዛውና በላይኛው ካቢኔት መካከል ባለው 60 ሴንቲ ሜትር፣ እንዲሁም ከምጣዱ ጀርባ። ጠረጴዛው አንዱን ረጅምና አንዱን አጭር ግድግዳ ቢይዝ 5.4 ሜትር ርዝመት ነው፤ በ0.6 ሲባዛ 3.24 ካሬ ይሆናል። ለምጣዱ ጀርባ 1.2 በ2 ሜትር፣ ማለትም 2.4 ካሬ እንጨምር። ድምሩ 5.64 ነው፤ ከነማካካሻው አምስት ካርቶን። ከሃያ ወደ አምስት ወረደ ማለት ነው። ማጣበቂያውና የእጅ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ሴራሚክ ሠራተኛ የሚከፈለው በካሬ ነውና። የቀረው ግድግዳ ጥሩ ልስንና የሚታጠብ ቀለም ይበቃዋል። ማንም በማያየው የካቢኔት ጀርባ ሴራሚክ መለጠፍ አላስፈላጊ ወጪ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሴራሚክ ሲገዛ በአንድ ጊዜ ሙሉውን፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ሁለት ካርቶን ጎድሎ ከወር በኋላ የተገዛ ሴራሚክ ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ሊለይ ይችላል። የተረፈውን አይጣሉት፤ አልጋ ሥር ይቀመጥ፤ አንድ ቀን ይፈለጋል።

ካቢኔቱና ጠረጴዛው

አሁን ወደ ካቢኔቱ መምጣት እንችላለን። ከ500,000 ብር ላይ አስቀድመን 15 በመቶውን፣ ማለትም 75,000 ብር፣ ለመጠባበቂያ እናነሳለን። 425,000 ቀረ። አንድ ካቢኔት ሠሪ 260,000 ብር ጠየቀ እንበል። ርካሽ ይመስላል። «ከነቫቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ያለ ቫት» ይላል። 15 በመቶው 39,000 ብር ነው፤ ዋጋው 299,000 ሆነ። ለሽቦ፣ ለቧንቧ፣ ለሴራሚክ፣ ለግራናይት፣ ለሲንክና ለእጅ ዋጋ የቀረው 126,000 ብር ብቻ ነው። ብዙ እድሳት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ የቆመበት ምክንያትም የሚታወቀው ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ሁለት ካቢኔት ሠሪዎችን ማወዳደር የሚቻለው ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ሲናገሩ ነው። አንዱ በሜትር ርዝመት፣ ሌላው በካሬ ያስላል። አንዱ 18 ሚሊ ሜትር እንጨት፣ ሌላው 16 ያቀርባል። ጀርባው ምንድን ነው? ጠርዙ በአራቱም በኩል ተሸፍኗል ወይስ በሚታየው በኩል ብቻ? ማጠፊያውና የመሳቢያው ሐዲድ የትኛው ዓይነት ነው? እግሩስ? እኛ ማእድ ቤት በባልዲ ውሃ የምናጥብ ሰዎች ነን። መሬት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ኤም ዲ ኤፍ ወይም ቺፕቦርድ ያንን ውሃ ይጠጣል፤ ያብጣል። 10 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ እግር ላይ የቆመ ካቢኔት ግን ከሥሩ ይታጠባል፣ ይደርቃል። እግርና ማጠፊያ ከጠቅላላው ዋጋ ትንሹ ክፍል ናቸው፤ የካቢኔቱን ዕድሜ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ ብር ሲያንስ የካቢኔቱን ጥራት ሳይሆን ብዛቱን ይቀንሱ። የታችኛው ይሠራ፤ የላይኛው በአንዱ ግድግዳ ብቻ ይሁን ወይም ለጊዜው መደርደሪያ ይሁንበት።

ለጠረጴዛው ብዙ ሰው በግራናይትና በእብነ በረድ መካከል ያመነታል። አገራችን እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዙ ዳለቲ ያለ መልካም እብነ በረድ አላት፤ ለወለልና ለደረጃ ያምራል። ማእድ ቤት ላይ ግን ግራናይት እመርጣለሁ። እብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ የተገኘ ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነኩት ልስላሴው ይበላል፤ እርድና በርበሬም ቀለማቸውን ይተዉበታል። ግራናይትን እንዲህ ያለ የማእድ ቤት አሲድ አይጎዳውም። ልኬቱ የሚወሰደው የታችኛው ካቢኔት ቆሞ ውሃ ልኩ ከታየ በኋላ ነው። የካቢኔቱም ልኬት እንዲሁ ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ይወሰዳል፤ ከልስኑ በፊት የተወሰደ ልኬት በማጣበቂያውና በሴራሚኩ ውፍረት ይሳሳታል።

ማንም የማይጽፋቸው ወጪዎች

ለወለሉና ለግድግዳው ያሰላነው 11 ካርቶን ሴራሚክ እያንዳንዱ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ300 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝነው ሲሚንቶ በየከረጢቱ፣ አሸዋው በየማዳበሪያው፣ ግራናይቱም አለ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በሰው ጫንቃ ይወጣል። አሮጌው ሴራሚክና ብሎኬት ደግሞ ፍርስራሽ ሆኖ በዚያው ደረጃ ይወርዳል፣ በመኪና ይጫናል፣ ይደፋል። ጫኝና አውራጅ፣ ማጓጓዣ፣ ፍርስራሽ ማንሻ ሦስቱም በበጀቱ ላይ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ከመርካቶ ወይም ከተክለ ሃይማኖት በቅናሽ የተገዛ ዕቃ ደጃፍ ሲደርስ ቅናሹ በማጓጓዣ አልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋ የሚወዳደረው «ቤት ድረስ ስንት?» ተብሎ ነው።

ቤተሰቡም በዚያ ወር ይበላል። እንጀራ ከውጭ ይገዛል፤ ምግብ በረንዳ ላይ ወይም ሳሎን ጥግ ይበስላል። ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ይህን ወጪ መዝለል አይችልም። ጾምና በዓልንም አይርሱ፦ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት የጀመሩት ሥራ ሠራተኛው ወደ አገር ቤት ሲሄድ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል።

ጊዜ፣ ብርና ውል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር አለፈ። ማጠፊያው፣ ሩቢኔቱ፣ ብሬከሩ፣ ብዙው ኤም ዲ ኤፍ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የምንዛሪው ለውጥ እስከ ማእድ ቤታችን ይደርሳል። ለዚህም ነው ፕሮፎርማ ሲቀበሉ የሚጸናበትን ቀን ማየት የሚገባው። ዕቅዱ ካለቀና ልኬቱ ከታወቀ የማይበላሹትን፣ ማለትም ሴራሚክ፣ ሽቦ፣ ቧንቧ፣ ሲንክና ሩቢኔት ቀድሞ መግዛት ያዋጣል። ሲሚንቶና ማጣበቂያ ግን እርጥበት ስለሚጎዳቸው ሥራው ሲቃረብ ይገዙ።

ብዙ ቤተሰብ እድሳቱን የሚያስበው ዕቁብ ሲደርሰው ነው። መልካም ዘዴ ነው፤ ወለድ የለበትም፤ ሰውንም ቁጠባ ያስለምዳል። ነገር ግን ዕጣው የሚወጣበት ቀን አይታወቅም፤ ከወጣ በኋላም ክፍያው ይቀጥላል። ዕቁቡ ሳይደርስ ዕቅዱን፣ ልኬቱንና የዋጋ ጥያቄውን ጨርሶ መጠበቅ፣ ሲደርስም የቀሪውን ወራት ክፍያ ከእድሳቱ ብር ጋር አለመቀላቀል ያስፈልጋል።

የሥራ ውል በሁለት መንገድ ይገባል፦ የእጅ ብቻ ወይም ከነዕቃው። የእጅ ብቻ ሲሆን ዕቃውን የሚገዛውና የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው፤ ጥራቱን ይቆጣጠራል፣ ጊዜው ግን ያልቃል። ሥራ ውሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህን አይችልም። ከነዕቃው ከሆነ የዕቃው ዓይነትና ውፍረት ውሉ ላይ ይጻፍ። ክፍያው ሥራውን ይከተል፦ ሽቦና ቧንቧ አልቆ ሲፈተሽ አንድ ክፍያ፣ ሴራሚክ ሲያልቅ ሌላ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሲንኩ ለጥቂት ቀናት ሳያንጠባጥብ ከሠራ በኋላ።

ቀብድን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ድንጋጌ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በወረቀት ያልሰፈረ ቀብድ ግን ለማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈርሞ፣ በባንክ ቢከፈል ይሻላል።

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ብር ልኮ የወላጆቹን ማእድ ቤት የሚያሳድስ ልጅ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይመለከተዋል። ብሩን በአንድ ጊዜ አይላክ፤ በየምዕራፉ ይላክ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሽቦና ቧንቧው የሄደበትን መንገድ ፎቶ አስነስቶ ያስቀምጥ፤ ያ ፎቶ ወደፊት ሚስማር ለሚመታም፣ ቧንቧ ለሚፈልግም ይጠቅማል።

ስሌቱ ሁሉ አልቆ 500,000ው ካልበቃ፣ ሥራውን ለሁለት ዓመት ከፍሎ መሥራት ነውር የለውም። ዘንድሮ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ የውሃ መከላከያው፣ ወለሉና ሲንኩ ይለቁ፤ ለከርሞ ካቢኔቱና ግራናይቱ ይምጡ። ሥራውን መቀነስ ግድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው የላይኛው ካቢኔት ነው፤ ቀጥሎ የጠረጴዛው ድንጋይ በርካሽ ይተካል፤ ቀጥሎ የግድግዳው ሴራሚክ ይቀንሳል። የምጣዱ መስመር፣ የወለሉ ቅብና መጠባበቂያው ብር ግን አይነኩ።